ብቻውን የማይዋጥ መድኃኒት

በመካነ ሰላምና በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲ፣ በከለላና በለጋምቦ ደጋዎች የምትከታተሉን እናቶችና እህቶች፣ የዛሬው ጉዳያችን ማረጥ ነው። ባሎችና ጎልማሳ ልጆችም ሬዲዮውን አትዝጉት፤ የመኪናውን ብር የምትከፍሉትም፣ መድኃኒቱን ገዝታችሁ የምታመጡትም፣ «ተይው ያልፋል» የምትሉትም ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። የወር አበባ ሲቋረጥ ለሚመጣው ሙቀት፣ የሌሊት ላብና እንቅልፍ ማጣት እስካሁን ከታወቁት መድኃኒቶች ሁሉ የሚበልጠው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ይህንኑ መድኃኒት አንዱ ሰው እንደ መርዝ ይሸሸዋል፤ ሌላው ደግሞ ከጎረቤት ተበድሮ እንደ ቫይታሚን ይውጠዋል። ሸሺውንም ዋጪውንም ያሳሳታቸው አንድ ነገር ነው፤ ሆርሞን ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላቸዋል። ማህፀን ላላት ሴት ግን ሕክምናው የሁለት ሆርሞኖች ጥምረት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል፣ ለማይገባት ሴት ሲሰጥ፣ ወይም የታየ ደም «ይሁን» ተብሎ ሲታለፍ ነው ጉዳት የሚመጣው። እነዚህን ሦስት ነገሮች መጠበቅ ደግሞ ትልቅ ከተማና ውድ መሣሪያ የግድ አይጠይቅም። ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በሽተኛዋን እንያት። በጥቅምትና በኅዳር፣ ውርጩ መሬቱን ነጭ በሚያደርግበት ሌሊት፣ ጋቢዋን ገፍፋ ጥላ በር ከፍታ ደጅ የምትቆም የ50 ዓመት ሴት አለች። ከደረቷ ተነሥቶ ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ የሚወጣ ሙቀት ነው ያስነሣት፤ ጥቂት ደቂቃ ያነዳታል፣ ከዚያ በላብ ትጠመቃለች፣ ከዚያ ደግሞ ያንቀጠቅጣታል። በሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይህ ከተመላለሰባት በማግስቱ እንጀራ ስትጋግር ራሷን ያዞራታል፣ በትንሹ ትቆጣለች፣ ነገር ትረሳለች። «ምች መታኝ» ብላ ዳማ ከሴ ታሻለች። አንዳንዷ የወባ ምርመራ ታደርጋለች፤ አንዳንዷን ደግሞ ቤተሰቡ ዛር ነው ብሎ ይዟት ይዞራል። የሆነው ነገር ግን ይህ ነው፦ የእንቁላል ማምረቻዎቿ ሥራ ሲያቆሙ የኢስትሮጅን መጠኗ ወርዷል፤ በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል በዚህ ምክንያት እጅግ ስስ ሆኗል፤ ትንሽ ሙቀት ሲሰማው ብዙ ሙቀት ያለ መስሎት ሰውነቱን ላብ በላብ ያደርገዋል። አብዛኛዋ ሴት የምታርጠው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ አረጠች የሚባለውም የወር አበባዋ ሳይመጣ 12 ወር ሲሞላ ነው። ሙቀቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ይጠፋል የሚለው ልማዳዊ ግምት ለብዙዎች አይሠራም። በአሜሪካ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ አንድ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ ከ7 ዓመት በላይ ይቆይባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የአገራችን ትልቁ የጤና ዳሰሳ፣ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚባለው፣ ሴቶችን የሚጠይቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ወንዶችን እስከ 59 ዓመታቸው ጠይቋል። ዓላማው ወሊድና ሕፃናት ስለሆነ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ውጤቱ ግን ሴቲቱ መውለድ በምታቆምበት ዕድሜ ላይ ጥያቄውም መቆሙ ነው። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያም እንዲሁ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ የሚያነጋግራት ታገኛለች፤ «ሌሊት ያልብሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ግን እምብዛም ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ኢስትሮጅን በአፍ የሚወሰድ እንክብል ወይም በቆዳ ላይ የሚለጠፍና የሚቀባ ሆኖ ይሠራል። የብዙ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ የሙቀቱን ድግግሞሽ ባዶ ክኒን ከሚወስዱት ሴቶች ጋር ሲነጻጸር በ75 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1942 ነበር፤ ያኔ የሚዘጋጀው ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለብቻው ሲሰጥ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ላይ ሁለት ጥናቶች በአንድ ላይ ወጡና ኢስትሮጅንን ለብቻው የወሰዱ ሴቶች በማህፀን የውስጥ ሽፋን ካንሰር የሚያዙት ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ መሆኑን አሳዩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኢስትሮጅን ለማህፀን ሽፋን እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ ያበቅለዋል፣ ያወፍረዋል። ሁለተኛው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ደግሞ እንደ መስከረም ፀሐይ እድገቱን አስቁሞ ያበስለዋል። ፀሐይ የማይወጣበት ክረምት ምን እንደሚያደርግ ለደጋ ገበሬ አልነግረውም። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነ የሦስት ዓመት ሙከራም ይህንኑ በቁጥር አረጋገጠው፦ ኢስትሮጅንን ለብቻው ከወሰዱት ማህፀን ያላቸው ሴቶች ከሦስቱ አንዷ የማህፀን ሽፋኗ ወደ ካንሰር ሊያመራ በሚችል መልኩ ወፍሮ ተገኘ። ፕሮጄስትሮን አብሮ በተሰጣቸው ሴቶች ላይ ግን ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት የተለየ ነገር አልታየም። እንግዲህ «ጥምር» የተባለበት ምክንያት ይህ ነው። ኢስትሮጅኑ ለሙቀቱ ነው፤ ፕሮጄስትሮኑ ለማህፀን ጥበቃ ነው። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት የሚጠበቅ ማህፀን ስለሌላት ኢስትሮጅኑ ብቻ ይበቃታል። በእኛ ደጋ ግን አብዛኛዋ ሴት ማህፀኗ በቦታው ያለ ስለሆነ፣ ለእርሷ ኢስትሮጅን ለብቻው የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

ይህ ነገር በቤታችን በምን መልክ ይገጥመናል? ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለሥራ የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እናታቸው በስልክ «አልተኛሁም» ስትላቸው የሰሙትን መድኃኒት ገዝተው በሰው ይልካሉ። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ኢስትራዲዮል የሚባለው የኢስትሮጅን ዓይነት ብቻ ሊሆን ይችላል። ወይም ሁለት ቀለም ያለው ክኒን ይመጣል፦ ለምሳሌ 14 ፍሬ አንድ ቀለም፣ 14 ፍሬ ሌላ ቀለም። እንደዚህ ያለው ፓኬት ብዙውን ጊዜ የወር አበባዋ ገና ሙሉ በሙሉ ላልቆመ፣ ወይም ከቆመ ዓመት ላልሞላው ሴት የሚሰጥ ነው። ኢስትሮጅኑ በሁሉም ፍሬ ውስጥ አለ፤ ፕሮጄስትሮኑ ያለው በሁለተኛው ቀለም ውስጥ ብቻ ነው፤ ያኛው ሲያልቅ ጥቂት ቀን ደም ይመጣል፤ የሚጠበቅም ነው። አንዲት ሴት «ይኸኛው ቀለም ደም ያመጣብኛል» ብላ ሁለተኛውን እየጣለች የመጀመሪያውን ብቻ ብትውጥ፣ ጠባቂውን ጥላ አሳዳጊውን ብቻ እየወሰደች ነው። ካረጠች ዓመት ያለፋት ሴት ደግሞ ሁለቱን ሆርሞኖች በየቀኑ አብራ ትወስዳለች፤ ለእርሷ የተዘጋጀው ፍሬው ሁሉ አንድ ቀለም ነው፣ ወርኃዊ ደምም አይጠበቅባትም።

ሌላው ግራ መጋባት ከቤተሰብ ዕቅድ ጋር የተያያዘ ነው። «ሉፕ አለኝ፣ እሱ ይጠብቀኛል» የምትል ሴት ትኖራለች። በአገራችን የተለመደው ሉፕ መዳብ ያለበት ነው፤ ሆርሞን የለውም፤ እርግዝናን ይከላከላል እንጂ የማህፀንን ሽፋን ከኢስትሮጅን አይጠብቅም። ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን የሚለቅ ሌላ ዓይነት ሉፕ አለ፤ እሱ 52 ሚሊግራም የሚይዘው ከሆነ ለዚህ ያገለግላል። በክንድ የሚቀበረው ግን ለዚህ ጥበቃ በቂ መሆኑ ስላልተረጋገጠ አይታመኑበት። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴትም ሌላ ችግር አለባት፤ መርፌው ራሱ የወር አበባ ስለሚያስቀር ማረጧንና አለማረጧን በደም መቅረት ብቻ ማወቅ አትችልም። የወሊድ መከላከያ ክኒንን የማረጥ መድኃኒት አድርጎ መውሰድስ? ውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ለማረጥ ከሚሰጠው እጅግ የጠነከረ ነው። ዕድሜዋ ከ50 ላለፈ፣ የደም ግፊት ላለባት ሴት ከፋርማሲ «ያው ሆርሞን ነው» ተብሎ ቢሰጣት ለስትሮክና ለደም መርጋት ያጋልጣታል። የማረጡ መድኃኒት ደግሞ በተራው እርግዝና አይከላከልም፤ ደሙ ገና መጣ ሄድ የሚልባት ሴት ልታረግዝ ስለምትችል ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ ልግባ፦ «ይህ መድኃኒት ካንሰር ያመጣል፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው አቁመውታል» የሚለው። ያቆሙት ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን በትክክል እንወቀው። የሴቶች ጤና ተነሳሽነት የተባለው ሙከራ 16,608 ማህፀን ያላቸው ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ጥምር ሆርሞን፣ ለቀሩት ባዶ ክኒን ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጧል ተብሎ ከታቀደው ጊዜ በፊት ቆመ። የተገኘው ቁጥር ይህ ነው። 10,000 ሴቶች ለአንድ ዓመት ቢወስዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ የጡት ካንሰር የሚይዛቸው በ8፣ ስትሮክ የሚመታቸው በ8፣ በሳንባ የደም መርጋት የሚገጥማቸው በ8፣ የልብ ሕመም የሚያጋጥማቸው በ7 ይበልጣሉ። በሌላ በኩል የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር በ6 ይቀንሳል። ጉዳቱ እውነት ነው፤ መደበቅ አይገባም። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል። ሙቀት አንገሽግሿት ጤና ጣቢያ የምትመጣው የ50 ዓመት ሴት እነርሱን አትመስልም። ሁለተኛ፣ እነዚያኑ ሴቶች ለ18 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ውጤት፣ በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በሞት ቁጥር ልዩነት አልተገኘም። ከዚህ በኋላ የሙያ ማኅበራት የተስማሙበት መስመር ይህ ነው፦ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ የሚያስከፋት ምልክት ላለባት፣ የሚከለክላት በሽታ ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ያመዝናል።

የጡት ካንሰሩን ነገር ግን በዚህ ብቻ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም በአገራችን ሴቶች ዘንድ ቀዳሚው ካንሰር እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ ትልቅ ትንተና ታትሟል። በምዕራባውያን ሴቶች ላይ የተሰላው ይህ ትንተና እንደሚለው በ50 ዓመታቸው ጀምረው ሁለቱን ሆርሞኖች በየቀኑ ለ5 ዓመት የወሰዱ 50 ሴቶች ቢኖሩ፣ በቀጣዮቹ 20 ዓመታት ውስጥ በመድኃኒቱ ምክንያት የጡት ካንሰር የሚጨመርባት አንዷ ናት። ፕሮጄስትሮኑን በወር ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ለሚወስዱት ከ70 አንዷ ናት። የጡት ካንሰር በእኛ አገር ከእነርሱ ያነሰ ስለሆነ ጭማሪውም በቁጥር ያንሳል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። ይህን ቁጥር ሰምታ «እኔስ ሙቀቱን እችለዋለሁ» የምትል ሴት ትክክል ናት። «አራት ዓመት አልተኛሁም፣ ቤቴ ሊፈርስ ነው፣ ከ50 አንዱን ዕድል እቀበላለሁ» የምትልም ትክክል ናት። ትክክል የማይሆነው ቁጥሩን ሳይነግሯት መከልከልም፣ ሳይነግሯት መስጠትም ነው።

ታዲያ ለማን አይሰጥም? የጡት ወይም የማህፀን ካንሰር ላለባት ወይም ለነበረባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማህፀኗ ለሚፈስ፣ በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፣ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም መትቷት ለሚያውቅ፣ ጉበቷ ለታመመ፣ የደም ግፊቷ ላልተስተካከለ ሴት አይሰጥም። ይህን ዝርዝር ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጥያቄና በደም ግፊት መለኪያ የሚጣራ ነው። «ካሁን በፊት አንድ እግርሽ በድንገት አብጦ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ብር አያስወጣም። በእኛ ደጋ ጥያቄው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለኖረ ሰው ዝሆኔ የተለመደ ነውና። ዝሆኔ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ቆዳውን ያሻክረዋል። የረጋ ደም ግን በቀናት ውስጥ አንዱን ባት ያሳብጣል፣ ያሞቃል፣ ሲነካ ያማል። ይህ የደረሰባት፣ ወይም በድንገት ትንፋሽ ያጠራት፣ ደረቷን የወጋት፣ አፏ የተጣመመ፣ ያልተለመደ ከባድ ራስ ምታት የጀመራት መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ክኒኗን አቁማ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። በአፍ የሚወሰደው ኢስትሮጅን የደም መርጋትን ዕድል ከፍ የሚያደርገው መጀመሪያ በጉበት ስለሚያልፍ ነው፤ በቆዳ የሚገባው በተለመደው መጠኑ ይህን ጭማሪ አላሳየም። ስለዚህ ወፍራም ለሆነች ወይም ለደም መርጋት ለተጋለጠች ሴት የሚለጠፈው ይመረጣል። በየወረዳው መድኃኒት ቤት ይገኛል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

አንዳንድ መድኃኒቶችም ከዚህ ጋር አይግባቡም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን፣ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ደግሞ ኢፋቪሬንዝ ጉበትን አነቃቅተው የሚዋጠው ሆርሞን ቶሎ ከሰውነት እንዲወጣ ያደርጋሉ። ሴቲቱ መድኃኒቱን እየወሰደች ሙቀቱ አልለቅ ይላታል፤ ወይም መሐል ላይ ደም ይታያል። የምትወስዱትን ሁሉ፣ በድብቅም የምትወስዱት ቢሆን፣ ለሐኪሙ ንገሩት።

ዕድሜዋን በትክክል ለማታውቅ ሴትስ የ60 ዓመቱ መስመር እንዴት ይሠራል? ብዙዎቻችን የልደት ወረቀት የለንም፤ ግን ትዝታ አለን። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከብት ጠባቂ ልጅ የነበረች ሴት ዛሬ ወደ 50 ዓመት ገደማ ናት፤ ያኔ ልጇን አዝላ የነበረች ከሆነ ግን ወደ 60 ተጠግታለች ወይም ተሻግራለች። ከዕድሜዋ ይልቅ የሚሻለው ጥያቄ «የመጨረሻውን የወር አበባ ካየሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?» የሚለው ነው። የመጨረሻ ልጇ ክርስትና ከተነሣ ወይም ዐቂቃ ከወጣለት በኋላ ስንት ክረምት እንዳለፈ ቆጥራ፣ ደሟ የቆመበትን ክረምት ከእርሱ ጋር ማመሳከር ትችላለች። የወር አበባዋ ከ40 ዓመቷ በፊት የቆመባት ሴት ደግሞ ከሁሉም በላይ ሐኪም ማየት ያለባት እርሷ ናት። የእርሷ ማረጥ ያለ ጊዜው ነው፤ ሆርሞኑን ቢያንስ እስከ 50 ዓመቷ ካላገኘች አጥንቷና ልብዋ ይጎዳሉ። የትልልቆቹን ሴቶች ቁጥር በእርሷ ላይ መጫን ስህተት ነው።

«እኛ ጋ የጡት ራጅ የሚያነሣ ማሞግራፊ የለ፣ የማህፀን ናሙና መመርመሪያ የለ፤ ይህ የከተማ ሰው ሕክምና ነው» የሚል ተቃውሞም እሰማለሁ። ግማሹን እቀበላለሁ። ሐኪም ጡቷን በእጁ መርምሮ እብጠት አለመኖሩን ማየት፣ ግፊቷን መለካት፣ ታሪኳን መጠየቅ በመካነ ሰላም ሆስፒታልም በጤና ጣቢያም የሚቻል ነው፤ ማሞግራፊ ስለሌለ ብቻ መድኃኒቱ አይከለከልም። የማይታለፈው የደም ጉዳይ ነው። በየቀኑ ሁለቱን ሆርሞኖች የምትወስድ ሴት በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ብታይ የተለመደ ነው። ከ6 ወር በኋላ ከቀጠለ፣ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ እንደገና ከመጣ ግን የማህፀን ሽፋኑ በአልትራሳውንድ መታየት፣ እንደ አስፈላጊነቱም ናሙና መወሰድ አለበት። ያ ደግሞ ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ፣ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የእኔ ብያኔ ይህ ነው፦ ደም ቢታይ ደሴ ለመሄድ አቅምና አጃቢ የሌላት ሴት፣ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ይህን ከቤተሰቧና ከሐኪሟ ጋር ትጨርስ። መንገዱ በምንም ምክንያት የማይቻላት ከሆነ ሌላውን አማራጭ ትምረጥ።

ሌላ አማራጭ አለ። ሆርሞን መውሰድ ለማትችል ወይም ለማትፈልግ ሴት፣ ለድብርት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በአነስተኛ መጠን ሙቀቱን ይቀንሳሉ፤ ቬንላፋክሲን አንዱ ነው። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ግን እንደ ፓሮክሲቲን ያሉት ያንን መድኃኒት ስለሚያዳክሙባት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር። ችግሯ ሙቀት ሳይሆን የብልት መድረቅና በግንኙነት ጊዜ ሕመም ብቻ ከሆነ፣ በቦታው የሚቀባ ጥቂት መጠን ያለው ኢስትሮጅን ይበቃል፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ፕሮጄስትሮን መጨመር አያስፈልገውም። ይህን ችግር ለባሏ እንኳ የማትናገር ሴት ብዙ ናት፤ ለጤና ባለሙያ ብትናገረው ግን መፍትሔው ቀላል ነበር። ተልባን በተመለከተ፣ ጥሩ ምግብ ነው፣ ብሉት ጠጡት፤ ለሙቀቱ ያድናል የሚለው ግን አሜሪካ ውስጥ ተፈትኖ ተልባ የበሉትና ያልበሉት ሴቶች እኩል ሆነው ተገኝተዋል።

«እናቶቻችን ምን መድኃኒት ወሰዱ? ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ተፈጥሮ መሆኑ እውነት ነው፤ ማረጥ በሽታ አይደለም፤ ሙቀቱ ቀለል ያለላት ሴት ምንም መውሰድ የለባትም። ምጥም የተፈጥሮ ነው፤ ሆኖም ምጥ ሲጠና ሴትን ወደ ሆስፒታል ከመውሰድ አንታቀብም። እናቶቻችን መድኃኒት አልወሰዱም ማለት አልተሠቃዩም ማለት አይደለም፤ የጠየቃቸው አልነበረም። ጸበል የምትጠመቅ እናት ጸበሏን ትቀጥል፤ ዱዓ የምታስደርግም እንዲሁ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ጾምም እንቅፋት አይሆንም። ክኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ማታ ከመኝታ በፊት ቢወሰድ ለዐቢይ ጾምም ለረመዳንም ይመቻል። ከፕሮጄስትሮን ዓይነቶች አንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ እንዲያውም የሚመከረው ሰዓት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በሦስተኛው ወር፣ ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊት ይለካል፣ ጡት ይታያል፣ ስለ ደም ይጠየቃል፣ «አሁንም ያስፈልግሻል ወይ?» ይባላል። ለሁሉም የሚሠራ የተቆረጠ የማቆሚያ ዓመት የለም። አንዳንዷ በሁለት ዓመት ትተወዋለች፣ አንዳንዷ አምስት ዓመት ትቀጥላለች፤ ሙቀቱን የሚያስታግሰው ዝቅተኛው መጠን ግን ሁልጊዜ ይመረጣል።

በቤታችሁ ከውጭ የተላከም ሆነ ከከተማ የተገዛ የማረጥ መድኃኒት ካለ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መካነ ሰላም ስትወጡ ክኒኑን ብቻ በጨርቅ ቋጥራችሁ ሳይሆን ከነፓኬቱና ከነወረቀቱ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታሉ ወይም ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ። «በውስጡ ኢስትሮጅን ብቻ ነው ያለው፣ ወይስ ሁለቱም?» ብላችሁ ጠይቁ። ካረጣችሁ ዓመት ካለፋችሁ በኋላ ደም ያያችሁ ደግሞ፣ መድኃኒት የማትወስዱም ሆነ መድኃኒቱን ከጀመራችሁ 6 ወር ያለፋችሁ፣ ጠብታም ቢሆን፣ ነገ ሳትሉ ተመርመሩ።